ጥበብ በልክ ይወለዳል

በባህል ጉባኤዎቻችንና በኪነት ውድድሮቻችን ዙሪያ ዘወትር የሚደመጥ አንድ አባባል አለ። ይኸውም «ኮምፒዩተር የጽሕፈት ቤት ዕቃ ነው፤ ኪነ ጥበብ ግን የሕዝብ ነፍስ ነው፤ ሁለቱን ምን አገናኛቸው?» የሚል ነው። ከዚሁ ጎን የሚቆም፣ ተቃራኒው የሚመስል፣ ነገር ግን የአንድ እናት ልጅ የሆነ ሌላ አባባልም አለ፤ «ዘመናዊው መሣሪያ ይምጣልን፤ ያን ጊዜ እኛም እንሠራለን» ይላል። የመጀመሪያው መሣሪያውን ይንቃል፤ ሁለተኛው መሣሪያውን ያመልካል። በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ፤ ወጣቱ እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ።

ይህ ጽሑፍ ሁለቱንም ለመሞገት የተነሣ ነው። አቋሙም ባጭሩ ይህ ነው፤ ጥበብን የሚወልደው የመሣሪያ ብዛት ሳይሆን ልክ ነው። በጠባብ ልክ ውስጥ ሰፊ ነገር ማኖር ደግሞ ለፍኖተ ሰላም፣ ለቡሬና ለመላው የምዕራብ ጎጃም ገጠር እንግዳ ነገር ሳይሆን የቆየ ሙያ ነው። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተባለባቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ስልሳ አራት ኪሎ ባይት

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። በነሐሴ ወር 1982 ኮሞዶር 64 የተባለ የቤት ኮምፒዩተር በአሜሪካ ለገበያ ቀረበ። ስሙን ያገኘው ከማስታወሻው መጠን ነው፤ 64 ኪሎ ባይት። አንድ ባይት አንድ የላቲን ፊደል የሚሰፍርበት ቦታ ነው ብንል፣ መሣሪያው በአንድ ጊዜ የሚይዘው ነገር ሁሉ ስልሳ አምስት ሺህ ያህል ፊደል ብቻ ነበር ማለት ነው። ዛሬ በእጅ ስልክ የሚነሣ አንድ ፎቶግራፍ የዚህን ብዙ ዐሥር እጥፍ ቦታ ይወስዳል። መሣሪያው የነበሩት ቀለሞች 16፣ በመስኮቱ ላይ የሚደረደሩት ነጥቦች በአግድም 320 በቁመት 200፣ ቦብ ያነስ የተባለው መሐንዲስ የነደፈለት የድምፅ ክፍልም በአንድ ጊዜ የሚያወጣው ድምፅ ሦስት ብቻ ነበር። ብዙ ሰው የገዛው ለልጆች ጨዋታ ነው።

ከዚህ መሣሪያ ላይ ነበር አዲስ ኪነት የበቀለው። መነሻው ንጹሕ አልነበረም፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። በአውሮፓ ከተሞች የነበሩ ወጣቶች የንግድ ጨዋታዎችን ቁልፍ ሰብረው ሲያባዙ፣ በጨዋታው መግቢያ ላይ ስማቸውንና ለወዳጆቻቸው የሚልኩትን ሰላምታ በሚንቀሳቀስ ፊደልና በሙዚቃ አጅበው መጻፍ ጀመሩ። ጥቂት ዓመታት ሳይቈይ ፊርማው ከተሰረቀው ዕቃ በለጠ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ብዙዎቹ ጨዋታውን ትተው ፊርማውን ብቻ፣ ማለትም ሥዕሉን፣ እንቅስቃሴውንና ሙዚቃውን ብቻ መሥራት ያዙ። የዚህ ሥራ ስም «ዲሞ» ይባላል። ዲሞ እንደ ፊልም ተቀርጾ የተቀመጠ ነገር አይደለም፤ በተመልካቹ ፊት መሣሪያው በትእዛዝ እዚያው እያሰላ የሚያወጣው ትርኢት ነው።

እነዚህ ወጣቶች ያደረጉትን ለመረዳት ሁለት ምሳሌ ይበቃል። የኮሞዶር መስኮት ዙሪያውን ባለ አንድ ቀለም ክፈፍ የተከበበ ነው፤ በክፈፉ ላይ ሥዕል እንዳይወጣ በፋብሪካው ተወስኗል። ወጣቶቹ ግን ሥዕሉን መስመር በመስመር የሚስለው ጨረር ወደ ድንበሩ በሚደርስባት ቅጽበት የመስኮቱን ቁመት ከ25 ረድፍ ወደ 24 ቢለውጡት፣ መሣሪያው ክፈፉን መዝጋት እንደሚስት ደረሱበት። ያን ጊዜ ፋብሪካው የከለከለው ቦታ ሁሉ ለሥዕል ተከፈተ። ሁለተኛው ምሳሌ ከሙዚቃ ነው። ሦስት ድምፅ ብቻ ያለው መሣሪያ ዜማውን፣ ጕልሕ ድምፁንና ከበሮውን ካወጣ በኋላ ለአጃቢ የሚተርፈው ነገር የለም። ስለዚህ አንዱን ድምፅ በሴኮንድ እስከ 50 ጊዜ ከኖታ ወደ ኖታ አዘዋወሩት፤ ጆሮም በፍጥነቱ ተታልሎ ብዙ ድምፅ በአንድነት እንደሰማ ተቀበለው። ማጠሩ ራሱ ብልኃቱን አስገኘ።

የሚገርመው ነገር፣ መሣሪያዎች እየሰፉ ሲሄዱ ኪነቱ ልኩን አለመተዉ ነው። ከ1992 ጀምሮ በፊንላንድ «አሴምብሊ» የተባለ ጉባኤ ይካሄዳል፤ ፊውቸር ክሩ የተባለው ቡድን በ1993 ያቀረበው «ሰከንድ ሪያሊቲ» የታወቀው በዚያ ነው። በእነዚህ ጉባኤዎች ዛሬም ከ64 ኪሎ ባይት፣ ከ4 ኪሎ ባይትም የማይበልጥ ሥራ ብቻ የሚገባባቸው ዘርፎች አሉ። በ2009 በጀርመን የቀረበው «ኤሌቬትድ» ተራሮችን፣ በረዶንና ብርሃንን ከነሙዚቃው በ4 ኪሎ ባይት ያሳያል። በ2017 ደግሞ ሊኑስ ኦኬሶን የተባለ ስዊድናዊ ለዚያው ለአሮጌው ኮሞዶር 64 የሠራው ዲሞ ሥዕሉም ሙዚቃውም ተደምሮ 256 ባይት ብቻ ነው፤ ከሁለት ደቂቃ በላይ ይሄዳል። ፊንላንድ በ2020፣ ጀርመን በ2021 ይህን ኪነት በማይዳሰሱ ቅርሶቻቸው መዝገብ ላይ አሰፈሩት። ትናንት የልጆች መጫወቻ ተብሎ የተናቀው ዛሬ ከባህላዊ ዘፈንና ከእጅ ሙያ ጋር በአንድ መዝገብ ተቀምጧል።

ቆጠራ

አሁን ወደ ጎጃም እንመለስ። የቅኔ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከየመንደሩ ቁራሽ ለምኖ ያድራል። ሲነጋ ከጉባኤው ተለይቶ ዛፍ ሥር ወይም ቋጥኝ ጥግ ብቻውን ይቀመጣል። የሚሠራው ሥራ በትምህርት ቤቱ ቋንቋ «ቆጠራ» ይባላል፤ ተማሪው ቅኔ ይቈጥራል። ከዚያም ወደ የኔታ ቀርቦ የቈጠረውን ይነግራል፤ የኔታም ያርሙታል። የጎጃሞቹ ዋሸራና ጎንጅ፣ የወሎው ዋድላም ስማቸው የገነነው በዚህ ሥርዓት ነው።

የቅኔ ልክ የታወቀ ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፤ ዘአምላኪየ ሦስት፣ ሥላሴ ስድስት፣ መወድስ ስምንት። ዜማው ቀድሞ የተወሰነ ነው። የተባለ ቅኔ ተመልሶ አይባልም፤ ባለቅኔው ለበዓሉ አዲስ ይዞ መቅረብ አለበት። ይህን ሁሉ አጥር ያጠረው ምቀኝነት አይደለም። አጥሩ ባይኖር ኅብር የሚባለው ብልኃት አይወለድም ነበር። አንድ ቃል ሁለት ፍች እንዲሸከም፣ ሰሙ ሲቀልጥ ወርቁ እንዲፈስ የሚያደርገው ቦታ ማጠሩ ነው። ሃያ ቤት የተፈቀደለት ሰው አንዱን ቃል ለሁለት ሥራ ለማዋል ምን አስጨነቀው?

በ4 ኪሎ ባይትና ከዚያ ባነሰ ልክ የሚሠሩ የዲሞ ሠሪዎችም ከዚሁ ብልኃት ደርሰዋል። ቦታ ሲያጥራቸው አንዱ ባይት ለመሣሪያው ትእዛዝ፣ ለሙዚቃው ደግሞ ኖታ ሆኖ እንዲያገለግል ያደርጋሉ፤ ያው ቍጥር አንድ ጊዜ ቀለም፣ አንድ ጊዜ ድምፅ ይሆናል። ይህ ኅብር ካልሆነ ኅብር ምንድን ነው? በዛሬው የኮምፒዩተር አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። እንግዲህ የስዊድናዊው ሥዕልና ሙዚቃ በተሠራበት 256 ባይት ውስጥ የሚሰፍሩት የግዕዝ ፊደላት 85 ብቻ ናቸው። ይህም የአንድ ጉባኤ ቃና ያህል ቦታ ነው። የቅኔ ተማሪ በጎጃም ዛፍ ሥር የሚታገልበት ልክና በሰሜን አውሮፓ በክረምት ሌሊት የኮምፒዩተር ወጣት የሚታገልበት ልክ በስፋቱ እምብዛም አይለያይም።

ይህን ማለታችን «አባቶቻችን ሁሉን ቀድመው ያውቁ ነበር» የሚለውን ባዶ ኩራት ለማራገብ አይደለም። የኔታ ኮምፒዩተር አልሠሩም፤ ዲሞም ከቅኔ አልተቀዳም። ኩራቱ ከሥራ ያሰናብታልና ጎጂ ነው። የምንለው ሌላ ነው፤ ይህ ኪነት የሚጠይቀው የአእምሮ ልማድ በዚህ ምድር አለ፤ መሬቱ ታርሷል፤ የቀረው ዘር ነው።

ስፌትና ቅኝት

ልማዱም በቅኔ ቤት ብቻ የተወሰነ አይደለም። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ ከጃቢ ጠህናን እስከ ወንበርማ ባለው ገጠር የመሶብና የሙዳይ ስፌት የምትሰፋ ሴት ስንደዶውን በአክርማ እየጠቀለለች፣ አለላውን እያፈራረቀች ጌጡን የምታወጣው በወረቀት ላይ ከተሳለ ንድፍ አይደለም። ትቈጥራለች። ክቡ በየዙሩ ሲሰፋ ጌጡ እንዳይዛነፍ የቀለሙን ቍጥር በልኩ ማሳደግ አለባት። ሸማኔውም ጥለቱን የሚያወጣው ድርና ማጉን ቈጥሮ ነው። በኮሞዶር 64 ላይ አንድ ተንቀሳቃሽ ሥዕል 24 ነጥብ በአግድም፣ 21 ነጥብ በቁመት ነበረው፤ ጠቅላላው 504 ነጥብ። ይህን ያህል ነጥብ በቀለም ለመሙላት ከአንዲት ሰፊ ይልቅ የተዘጋጀ እጅና ዓይን ከየት ይገኛል? ኮምፒዩተር የወንድ ልጅ ዕቃ ነው የሚሉትም ይህን ቢያስቡ መልካም ነበር።

የሙዚቃው ጉዳይ ከዚህም የከበደ ነው፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ እየጠፋ ያለ ነገር አለ። በየሰርጉና በየበዓሉ ማሲንቆውንና ዋሽንቱን እያስወጣ የገባው ኪቦርድ ከፋብሪካ የተሞላ ምትና ከፋብሪካ የተወሰነ የድምፅ ርቀት ይዞ የመጣ ነው። ተጫዋቹ ቁልፍ ሲጫን የአገሩን ዜማ በሌላ አገር ልክ ይሰማዋል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በአዝማሪው ጣት የነበራቸው ጥቃቅን ልዩነት በአንድ ሚዛን ይጨፈለቃል። ብዙ ሰው ለዚህ ጥፋት መሣሪያውን ይከሳል። ክሱ ግን ቦታውን ስቷል። የዚያ የ1982ቱ የድምፅ ክፍል የአንድን ድምፅ ከፍታ የሚወስነው በ65,536 ደረጃ ነው። ይኸውም የሚያዝዘው ሰው ጆሮ ካለው ከፒያኖ ሚዛን ወጥቶ የማሲንቆውን አንድ ጭራ ከነመንሸራተቱ መከተል ይችላል ማለት ነው። ቅኝታችንን የሚጨፈልቀው ኤሌክትሪክ አይደለም፤ የተሰጠውን ቁልፍ ከመጫን ያላለፈ ልማድ ነው። ቁልፉን የሚጫን ሰው የፋብሪካውን ሙዚቃ ይጫወታል፤ መሣሪያውን የሚያዝዝ ሰው የራሱን።

በኢትዮጵያውያን እጅ

ይህ ሁሉ ምኞት እንዳይመስል፣ በጠባብ መሣሪያ ላይ የራስን ነገር የማኖር ታሪክ በኢትዮጵያውያን ዘንድም እንዳለ ማስታወስ ይገባል። መሐንዲስ አያና ብሩ ከጣሊያን ወረራ በፊት ለላቲን ፊደል የተሠራውን የጽሕፈት መኪና ለአማርኛ ሲያመቻቹ የገጠማቸው ጥያቄ የልክ ጥያቄ ነበር፤ ጥቂት ቁልፎች ላይ ከሁለት መቶ በላይ ፊደል እንዴት ይሰፍራል? መልሳቸውም ፊደሉን ከነቅጥያው ከፋፍሎ መገጣጠም ነበር።

በ1980ዎቹ ጥያቄው በኮምፒዩተር ላይ ተመልሶ መጣ። በአንድ ባይት የሚለየው ምልክት 256 ብቻ ነው። ሠላሳ ሦስቱ ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ ሃያው የግዕዝ አኃዝ ሲጨመር 251፤ ዲቃሎቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲመጡ ሰንጠረዡ ይሞላና ይፈስሳል። ለላቲን ፊደልማ ቦታ ከቶ አይተርፍም። በአሜሪካ የነበሩት እንደ ዳሸን ኢንጂነሪንጉ ፍስሐ አጥላውና እንደ ዶክተር አበራ ሞላ ያሉ ኢትዮጵያውያን ፊደላችንን በነጥብ እየገነቡ፣ በጠባቡ ሰንጠረዥ እያሸጋሸጉ በመስኮቱ ላይ ያወጡት በዚያ ዘመን ነው። ዓለም አቀፉ ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል በ345 ምልክቶች የተቀበለው በ1999 ነው። ማን ቀደመ የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እንተወው፤ ለእኛ የሚበጀው ሥራው በትልቅ መሣሪያ ሳይሆን በትንሹ መጀመሩ ነው።

በሙዚቃም እንዲሁ። በ1944 በካይሮ በሽቦ መቅጃ ላይ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ከሠሩት የዓለም ቀዳሚዎች አንዱ የሆነው ግብጻዊው ሐሊም ኤል ዳብኽ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ (በዚያን ጊዜ ስሙ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ) አስተምሯል፤ በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ያቋቋመውም እርሱ ነው። ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ በገናውን፣ ዋሽንቱንና እምቢልታውን በአንድ መድረክ ያሰባሰበው ሰው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሰው መሆኑን «መሣሪያ ባህል ያጠፋል» ባዮች ምን ይሉታል? የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 በዋሽንግተን በአኮርዲዮን፣ በኤሌክትሮኒክ ኪቦርድና በከበሮ ማሽን ብቻውን ተቀምጦ «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ካሴት ሠራ። በ2016 የሚካኤል ሰይፉ «ዘላለም» የኢትዮጵያን የሙዚቃ መሣሪያ ድምፅ ከኮምፒዩተር ድምፅ ጋር አዋሕዶ ወጣ። እነዚህ ሰዎች የፋብሪካውን ቁልፍ አልታዘዙም፤ አዘዙት።

ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። እነዚህ ሁሉ የአዲስ አበባ ወይም የባሕር ማዶ ታሪኮች ናቸው። የቡሬ ወይም የፍኖተ ሰላም ወጣት በዚህ ታሪክ ውስጥ አድማጭ እንጂ ሠሪ ሆኖ አይገኝም።

ሦስት ተቃውሞዎች

ለዚህ አቋም ሦስት ተቃውሞዎች ይሰነዘራሉ፤ አንድ በአንድ እንመልከታቸው።

የመጀመሪያው ከኪነ ጥበብ ሰዎች የሚመጣ ነው። «ይህ ይዘት የሌለው ቅርጽ ነው፤ የሚሽከረከር ኳስ፣ የሚንሳፈፍ ፊደል፤ ለሰፊው ሕዝብ ምን ይነግረዋል?» ይላሉ። ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። ብዙው የአውሮፓ ዲሞ የብልኃት ፉክክር ከመሆን አላለፈም፤ ስለ ራሱ ብቻ ይናገራል። ዳሩ ግን ይህ የኪነቱ ባሕርይ ሳይሆን የሠሪዎቹ ኑሮ ነጸብራቅ ነው። የሞላለት ከተሜ ወጣት ስለ መሣሪያው ቢጫወት አያስደንቅም። በርበሬ ከሚለቀምበትና ከሚሰጣበት መስክ የመጣ ወጣት ግን በዚያው ልክ ውስጥ የሚያኖረው ሌላ ነገር አለው። የእርሻው ዓመት፣ የገበያው ዋጋ መውጣትና መውረድ፣ ያላለቀው ድልድይ፣ የወራጅ ውሃው መድረቅ። ይዘት ከሌላ አገር አይመጣም፤ ቅርጹን የጨበጠ እጅ ሲኖር ይዘቱ ከቤት ይወጣል። ቅርጽን ሳይማሩ ይዘት አለን ማለት ደግሞ ቤት ሳይመቱ ገጣሚ ነኝ ማለት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከአስተዳደር ወገን ነው። «መሣሪያ የለንም፤ በጀት ይለቀቅ» ይላል። ይህ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ኮሞዶር 64ን ቁጭ አድርጎ የሚያስመስል፣ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም አለ፤ በየትኛውም ያረጀ ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል፤ አንዴ በፍላሽ ከተገለበጠ ኢንተርኔት አይፈልግም። መምህር የሆነ አንባቢ በማኅተም የታሸገ፣ ጨርቅ የለበሰ፣ «እንዳይበላሽ» ተብሎ በክፍል የተቈለፈ ኮምፒዩተር አይቶ ሳያውቅ አይቀርም። ያ መሣሪያ ከኮሞዶር 64 በሺህ እጅ ይበልጣል። ያጣነው መሣሪያ አይደለም፤ የቁልፉን ባለቤት ነው። በ1983 መጨረሻ በዩጎዝላቪያ ቮያ አንቶኒች የተባለ ሰው ከውጭ የሚመጣው ኮምፒዩተር ውድና በጉምሩክ የተከለከለ ሲሆንበት፣ ሰው በቤቱ የሚገጣጥመውን «ጋላክሲያ» ነድፎ አሠራሩን በመጽሔት ላይ አወጣው፤ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ገጣጠሙት። የቤልግሬድ ራዲዮም ፕሮግራሞችን በድምፅ መልክ በአየር ያሠራጭ ነበር፤ አድማጩ በካሴት ቀድቶ ኮምፒዩተሩን ይመግባል። እኛ በዚያው ዘመን ካሴትም ራዲዮም ነበረን።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የከበደ ነው፤ በቀላሉ የሚታለፍም አይደለም። «ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በተነሣው ግጭት በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤት በሩን ዘግቶ በከረመበት ዘመን፣ ልጅ ከክፍሉ ርቆ በባከነበት አገር፣ ስለ ኮምፒዩተር ትርኢት ማውራት ቅንጦት አይደለምን?» ይላል። መልሳችን ይህ ነው። የመጀመሪያው ተግባር ትምህርት ቤቱ ተከፍቶ ልጁ በሰላም እንዲመለስ ማድረግ መሆኑ አያከራክርም። ፍኖተ ሰላም የሚለው ስም ራሱ «የሰላም መንገድ» ማለት ነው። ጥያቄው ልጁ ሲመለስ ወደ ምን ይመለሳል የሚለው ነው። ዓመታት ያለፉበት ወጣት የሚጠብቀው የድሮው የግልበጣ ትምህርት ብቻ ከሆነ፣ በሩ ቢከፈትም ልቡ አይከፈትም። በእጁ የሚሠራው፣ በጉባኤ ፊት የሚያቆመው፣ ስሙን የሚጽፍበት ነገር ያስፈልገዋል። ቅኔ ቤት ለምኖ አዳሪውን ተማሪ ለዓመታት ያቆየችው በእንጀራ አልነበረም።

ምን ይደረግ?

ያለፈውን ስሕተት መድገም የለብንም። ከ2004 ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ «ፕላዝማ» ገባ። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፤ ተማሪው ያያል፤ መምህሩ ማብራትና ማጥፋት ሆነ ሥራው። መስኮቱ ትልቅ ነበር፤ ነገር ግን ተማሪው ወደ መስኮቱ የሚልከው አንድም ነገር አልነበረውም። የዛሬው የእጅ ስልክም በኪስ የገባ ፕላዝማ እንዳይሆን ያሠጋል።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በጠመኔና በእንጨት ሰሌዳ ሚሊዮኖችን ከፊደል ጋር አስተዋውቆ አገሪቱን በ1980 ለዩኔስኮ ሽልማት ያበቃት፣ ማንበብን ብቻ ሳይሆን መጻፍንም ስላስተማረ ነው። ማንበብ እንጂ መጻፍ የማይችል ሰው ግማሽ መሃይም ነው። ኮምፒዩተርን መመልከትና መንካት እንጂ ማዘዝ የማይችል ትውልድም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንጠይቃለን። አንደኛ፣ በዞኑና በየወረዳው በሚካሄዱ የኪነ ጥበብ ውድድሮች ከግጥም፣ ከድራማ፣ ከዘፈንና ከሥዕል ቀጥሎ «የኮምፒዩተር ኪነት» የሚል ዘርፍ ይከፈት። ልኩም ይወሰን፤ ለጀማሪ 64 ኪሎ ባይት፣ ለበቃ 4 ኪሎ ባይት፣ ለደፋር 256 ባይት። ልክ የሌለው ውድድር ገንዘብ ያለው የሚያሸንፍበት ውድድር ነው፤ በ4 ኪሎ ባይት ግን የቡሬ ልጅና የሄልሲንኪ ልጅ እኩል ይቆማሉ።

ሁለተኛ፣ ዳኞቹ የኮምፒዩተር መምህራን ብቻ አይሁኑ። አንድ የቅኔ መምህር ስለ ቁጥብነቱ፣ አንዲት ሰፊ ስለ ጌጡ፣ አንድ ማሲንቆ መቺ ስለ ቅኝቱ ይፍረዱ። ቅኔ ሲባል «ይበል!» የሚለውን ጉባኤ የሚተካ የፍርድ ወረቀት የለም፤ ሥራው በሕዝብ ፊት ይታይ፤ ሕዝቡም ይበል ይበል።

ሦስተኛ፣ የተቈለፉት ክፍሎች ይከፈቱ። ከትምህርት ሰዓት ውጭ ሁለት ሰዓት ቁልፉ በአንድ መምህርና በተማሪዎች ማኅበር እጅ ይሁን። የሚበላሽ ዕቃ ይኖራል። ዕቃ ተሠርቶበት ቢበላሽ አገልግሎ ሞተ ይባላል፤ ተቈልፎ ቢያረጅ ግን ተቀበረ እንጂ ተጠበቀ አይባልም።

አራተኛ፣ ይህ መጽሔት ራሱ ድርሻውን ይወጣ። በ1980ዎቹ የነበሩ የኮምፒዩተር መጽሔቶች የፕሮግራም ትእዛዞችን መስመር በመስመር አትመው ያወጡ ነበር፤ አንባቢው በጣቱ እየለቀመ ይጽፍና መሣሪያው ሥዕል ሲያወጣለት ያያል፤ አንዲት ነጥብ ቢስት እስኪያገኛት ያድራል። ብዙ ሰው ያን ሙያ የተማረው እንዲህ ነው። አዘጋጆቻችን በየእትሙ ለግጥም ገጽ እንደሚሰጡ ሁሉ ለዚህም አንድ ገጽ ይስጡ። አንድ ገጽ ለ4 ኪሎ ባይት ሥራ ይበቃል፤ ለ256 ባይትማ ግማሽ ዓምድ ይተርፈዋል።

ኪነ ጥበብን ከመሣሪያ የሚያጣሉ፣ መሣሪያንም ከድሃ የሚያርቁ ሁለቱ ወገኖች እስካሁን ተደማምጠዋል። ተራው የሠሪው ነው። በዚህ አገር የሚያሳስበን የኮምፒዩተር ማነስ ሳይሆን፣ ሲቈጥር ያደገ ሕዝብ ልጆቹ ሌላው ቈጥሮ የላከላቸውን ብቻ እንዲያዩ መፍረዱ ነው። ፍርዱ ይሻር፤ ክፍሉ ይከፈት፤ ልኩ ይነገራቸው፤ የቀረውን እነርሱ ይቈጥሩታል።